ሞኒካ የለመነችውና የተሰጣት

እ.ኤ.አ. በ383 በሰሜን አፍሪካ፣ በካርቴጅ ወደብ፣ አንዲት መበለት ልጇን ይዛ አልለቅም አለች። ልጁ አውግስጢኖስ ነው፤ የ28 ዓመት ጎልማሳ፣ የንግግር ጥበብ መምህር፣ ስሙ ገና መሰማት የጀመረ ሰው። እናቱ ሞኒካ ትባላለች። አገራቸው ታጋስቴ ነው፤ በዛሬዋ አልጄሪያ የምትገኝ ትንሽ ከተማ። አውግስጢኖስ በወጣትነቱ የእናቱን እምነት ትቶ ማኒ የተባለውን የሃይማኖት መምህር ትምህርት ከተከተለ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያለ ጋብቻ አብራው ከምትኖር ሴትም ወንድ ልጅ ወልዷል። አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ሮም ሊገባ ነው። ሞኒካ ወይ ይቅርልኝ፣ ወይ አብሬው ልሂድ ብላ እስከ ወደቡ ተከተለችው።

ልጅየው ዋሻት። እኔ አልሄድም፣ ነፋሱ እስኪቀና ወዳጄን ልሸኝ ነው አላት። ከዚያም በመርከቡ አቅራቢያ ባለው በሰማዕቱ በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቤት እንድታድር አግባባት። ሌሊቱን በእንባ ስትጸልይ አደረች። የለመነችው አንድ ነገር ነው፦ ልጇ እንዳይሄድባት። በዚያው ሌሊት ነፋሱ ቀና፣ ሸራው ተዘረጋ። ሲነጋ ወደ ባሕሩ ብትወርድ መርከቡም ልጁም የሉም። በኀዘን አበደች ይላል ልጁ ራሱ፤ ታሪኩን የምናውቀው ከእሱ ብዕር ነውና።

በዚያ ማለዳ አንድ ሰው ሞኒካን አግኝቶ እግዚአብሔር ጸሎትሽን ሰምቷል ቢላት ምን ትመልስ ነበር? ሌሊቱን ሙሉ ስለ አንድ ነገር ለመነች፤ በለመነችበት ሰዓት የፈራችው ነገር ሆነ። ከዚህ የባሰ ያልተሰማ ጸሎት የት ይገኛል?

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። አውግስጢኖስ ሮም እንደደረሰ በትኩሳት ታሞ ለሞት ተቃረበ፤ ተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሚላን ላይ የመምህርነት ሥራ አገኘ። በሚላን አምብሮስ የሚባል ጳጳስ ነበረ። አውግስጢኖስ መጀመሪያ የሄደው የሰውየውን አንደበት ለመመዘን ነው፤ የንግግር ጥበብ መምህር አይደል? እየቆየ ግን ቃሉ ራሱ ገባው። ተራ መጽሐፍ አድርጎ የናቀውን ብሉይ ኪዳን አምብሮስ ሲተረጉመው ጥልቀቱን አየ። በ386 በአንድ የአትክልት ቦታ ውስጥ ልቡ ተሸነፈ፤ በ387 በትንሣኤ ዋዜማ ከልጁ ከአዴኦዳቱስና ከወዳጁ ከአሊፒዩስ ጋር በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ። ሞኒካም ባሕሩን ተሻግራ ተከትላው ነበርና በዓይኗ አየች።

ከዓመታት በኋላ አውግስጢኖስ ጳጳስ ሆኖ ኑዛዜ የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ ወደዚያች ሌሊት ተመልሶ ያሰላስላል። እግዚአብሔር ለእናቱ ያን ጊዜ የለመነችውን አልሰጣትም፤ ዘወትር የምትለምነውን ለመፈጸም ሲል ነው ይላል። ስለ ጸሎት ከተጻፈው ሁሉ እንደዚህ ረድቶ ያሳረፈኝ ሐሳብ ጥቂት ነው። በሞኒካ ልመና ውስጥ ሁለት ልመና ነበረ። አንዱ ልጄ ከዚህ አይሂድ የሚለው ነው። ሁለተኛው ልጄ ይዳን የሚለው፤ የመጀመሪያውን የወለደው እሱ ነው። ልጇ አጠገቧ ካልሆነ የሚጠፋባት ስለመሰላት ሁለቱን አንድ አድርጋ ያዘቻቸው። እግዚአብሔር ለያያቸው። አንዱን ነሳት፣ በሌላው ሰማት።

በካርቴጅ ቢቀር ኖሮ አይመለስም ነበር ማለቴ አይደለም። ያልሆነውን ነገር የሚያውቅ የለም። እኔ የምለው፣ በሆነው ታሪክ ውስጥ የሞኒካ ጸሎት የተመለሰው ሞኒካ እንዲዘጋ በለመነችው መንገድ በኩል ነው።

ብዙዎቻችን የጸሎት መልስ ሦስት ዓይነት ነው ተብለን ተምረናል፦ እሺ፣ እምቢ፣ ቆይ። ትምህርቱ ቅን ነው፣ ለጀማሪም ይጠቅማል። ነገር ግን እግዚአብሔርን ማመልከቻ አይቶ እንደሚፈርም ሹም ያስመስለዋል። ወረቀቱን ያነባል፣ ማኅተሙን ይመታል፣ ባለጉዳዩን ቀና ብሎ አያየውም። የመጽሐፍ ቅዱስ ጸሎቶች ላይ ስንቆይ የምናገኘው አምላክ ባለጉዳዩን የሚያይ ነው። ከልመናው በፊት ለማኙን ይሰማል፤ ከቃሉ ሥር ያለውን ረሃብ ያውቃል፤ የሚመልሰውም ለዚያ ነው። ለዚህ ነው መልሱ አንዳንዴ ከጠየቅነው የሚበልጠው፣ አንዳንዴም እስከ ጊዜው ድረስ መልስ የማይመስለው።

ሐናን እንመልከት። የእሷ ጸሎት በአገራችን ስንት ዘመን እንደተደገመ አስቡ። በመዝሙረ ዳዊታችን ከ150ው መዝሙር ቀጥሎ በሚገኘው ጸሎተ ነቢያት ውስጥ የሐናም ጸሎት አለ፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ በአፉ ይይዘዋል። ያ ጸሎት ግን ልጁ ከተወለደ በኋላ የቀረበው ምስጋና ነው። ከልጁ በፊት ያለው ጸሎት ድምፅ አልነበረውም። ሐና በሴሎ ቤተ መቅደስ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። መካን መሆኗ፣ ጣውንቷ ፍናና በየዓመቱ እያበሸቀቻት ማስለቀሷ፣ ባሏ ሕልቃና ከአሥር ልጆች እኔ አልሻልሽምን የሚል ዓይነት ማጽናኛ ማቅረቡ፣ ሁሉም ተጠራቅሞ ነው እዚያ የወደቀችው። ሕልቃና ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይወዳት ነበር። ሆኖም የሚወደን ሰው እንኳ የማይደርስበት የልብ ጥግ አለ፤ ሐና ያንን ጥግ ነው ይዛ የገባችው።

አሁን የታሪኩን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ሐና ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች። ዔሊም ነገሩን ሲረዳ የእስራኤል አምላክ ልመናሽን ይስጥሽ ብሎ አሰናበታት። ከዚያ ሄደች፣ በላች፤ ፊቷም ከዚያ በኋላ የኀዘንተኛ አልሆነም። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና አልፀነሰችም። ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ፍናናም እዚያው ነች። የተለወጠ ነገር ቢኖር የሐና ፊት ነው። መጽሐፉ ይህን ዝርዝር ከፅንሱ በፊት የመዘገበው በከንቱ አይመስለኝም። የመጀመሪያው መልስ ደርሷት ነበር፤ ሸክሟን የሚቀበላት አግኝታ ነበር። ልጁ ከዚያ በኋላ መጣ።

ልጁ ሲመጣ ደግሞ ከሐና ልመና ይልቅ ሰፊ ሆኖ መጣ። በዚያ ዘመን የእግዚአብሔር ቃል ብርቅ ነበረ፤ የዔሊ ልጆች መሥዋዕቱን ይዘርፉ ነበር። ሕዝቡ ነቢይ ያስፈልገው ነበር። ሐና ልጅ ለመነች፣ እስራኤል ሳሙኤልን አገኘ። የአንዲት ሴት የጓዳ እንባ እና የአንድ ሕዝብ ጩኸት በአንድ ሕፃን ተመለሱ። እሷም በስለቷ መሠረት ጡት ካስጣለችው በኋላ ወስዳ ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ከዚያም ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች።

ስለ ስለት ካነሳሁ አንድ ነገር ልበል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ምስጋና ምን እንደሚመስል ያውቃል። ስለቷ የሰመረላት እናት ሕፃኗን አዝላ፣ ጧፍና ጥላ ይዛ ስትመጣ የምታሳየው ደስታ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ያንን አከብራለሁ። ሆኖም ስለት ዋጋ አይደለም። ይህን ካደረግህልኝ ይህን እሰጥሃለሁ የሚል ውል ልቡን የሚጥለው በዕቃው ላይ ነው። የሐና ስለት ከውል የተለየ ነበር። ከሁሉ አብልጣ የፈለገችውን ነገር ገና ሳይሰጣት ለእግዚአብሔር አሳልፋ ሰጠችው። ልጁ ጣዖቷ እንዳይሆን ከመወለዱ በፊት ነጻ አወጣችው ማለት እችላለሁ።

ሐና የለመነችውን አገኘች፤ ሞኒካም ዘግይቶም ቢሆን አየች። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን የለመነው አልሆነለትም። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 12 የሥጋው መውጊያ ስለሚለው ነገር ይናገራል። በሽታ ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ ፈተና ይሁን ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ጌታን ለመነ። አልተወገደም። በምትኩ ጸጋዬ ይበቃሃል፣ ኃይሌ በድካም ይፈጸማል የሚል መልስ መጣለት። ይህን የጻፈው ጀማሪ አማኝ አይደለም፤ በእጁ ብዙዎች የተፈወሱለት ሐዋርያ ነው። የሌሎችን ሕመም ያራቀች እጅ የራሱን መውጊያ ልትነቅል አልቻለችም። ጳውሎስ ከዚህ ተነስቶ እግዚአብሔር አልሰማኝም አላለም፤ ተነጋገርን ነው የሚለው።

ከጳውሎስም በላይ ጌታችን ራሱ አለ። በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። ጽዋው አላለፈም። በማግስቱ ተሰቀለ። የዕብራውያን መልእክት ግን በምዕራፍ 5 ክርስቶስ ከሞት ሊያድነው ወደሚችለው በብርቱ ጩኸትና እንባ ጸሎት አቀረበ፣ ተሰማለትም ይላል። ተሰማለት! እንዴት? ከመስቀል አልዳነም እኮ። የመልእክቱ ጸሐፊ ይህን ሳያውቅ አልጻፈውም። የአብ መልስ ሞት እንዳይነካው ማድረግ አልነበረም፤ በሞት በኩል አሳልፎ በሦስተኛው ቀን ማስነሳት ነበር። ሉቃስ ደግሞ በዚያች ሌሊት መልአክ መጥቶ እንዳበረታው ይነግረናል። ጽዋው በእጁ ሳለ ብርታቱ መጣ። አንድ ክርስቲያን ጸሎቴ አልተሰማም ከማለቱ በፊት ይህችን ሌሊት አስታውሶ ቢቆም መልካም ነው። ባልተወሰደ ጽዋ ምክንያት ልጅነታችን አይፋቅም፤ የተወደደው ልጅ ራሱ ጽዋው አልተወሰደለትምና።

እዚህ ላይ በአገራችን ብዙ ሰው ስለሚጎዳበት አንድ ስሕተት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መልስ ማለት ተአምር ብቻ ነው፣ በሰው እጅ የመጣ ነገር የእግዚአብሔር መልስ አይደለም የሚል አስተሳሰብ አለ። በዚህ የተነሳ መድኃኒታቸውን ጥለው የሞቱ አሉ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ነቢዩ ኢሳይያስ ቤትህን አስተካክል፣ ትሞታለህ ሲለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ኢሳይያስ ገና ከግቢው ሳይወጣ መልሱ መጣ፤ እንባህን አይቻለሁ፣ በዕድሜህ ላይ 15 ዓመት እጨምራለሁ የሚል። ቀጥሎ የሆነው ምንድን ነው? ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና በቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። አደረጉ፣ ዳነ። ተስፋውን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ የፈወሰውም እሱ ነው፤ በበለስ ነው የፈወሰው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ስትታመምም ጸልይ ብሎ ሦስቱን ሳያጋጭ ያስተምራል።

ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን ሲስፋፋ በእንጦጦ ማርያምና በሌሎች ጠበሎች የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን ክኒኑን መዋጥ እምነት ማጉደል መስሏቸው ተጨንቀው ነበር። ነፍስ ኄር ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አብረው ይወሰዱ ብለው በይፋ አስተማሩ። ያ ቃል የሰው ሕይወት ያተረፈ ቃል ነው። ዛሬም በአንዳንድ የጸሎት ስብሰባ መድረክ ላይ ቆሞ መድኃኒትህን ጣል የሚል ሰው ከኢሳይያስ የሚበልጥ ነቢይ እንዳልሆነ አማኞች ማወቅ አለባቸው።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የታመመው ሳይድን ሲቀር እምነትህ ስላነሰ ነው የሚለው ነው። ልጇን ለቀበረች እናት ይህን መናገር ጭካኔ ነው። ጭካኔ ነው ስል ቃሉን መዝኜ ነው። በርግጥ መጽሐፍ ቅዱስ ጸሎትን የሚያሰናክል ነገር እንዳለ ይናገራል። ያዕቆብ በክፉ ፈቃድ፣ ለምኞት ለማዋል የሚለምን አይቀበልም ይላል። የምሳሌ መጽሐፍ የድሃውን ጩኸት ላለመስማት ጆሮውን የሚዘጋ እሱም ሲጮኽ አይሰማለትም ይላል። ጴጥሮስ ባል ሚስቱን በማስተዋልና በአክብሮት ካልያዘ ጸሎቱ እንደሚደናቀፍ ያስጠነቅቃል። ይህ የመጨረሻው በየስብከቱ ለምን እንደማይነሳ ይገርመኛል፤ ሌሊቱን በጸሎት አድሮ ጠዋት ሚስቱን የሚሰድብ ሰው ጸሎቱን ማን እንዳገደበት ዲያብሎስ ላይ ሳያመካኝ ሊመረምር ይገባዋል። እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ግን ሁሉም ለለማኙ ለራሱ የተነገሩ ናቸው። አንዱም ቢሆን በሌላው ኀዘን ላይ እንድንፈርድበት አልተሰጠንም። የኢዮብ ወዳጆች ያጠፉት ይህን ነው። ኢዮብ ሲጮኽ መልስ ያጣው ስለበደለ ነው አሉት። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር ተቆጣቸው፤ ባሪያዬ ኢዮብ ስለ እናንተ ይጸልይ፣ እሱን እሰማለሁ አላቸው። ጸሎቱ አይሰማም የተባለው ሰው የከሳሾቹ አማላጅ ሆነ።

እስከ አሁን ያልኩት ሁሉ ግን የማይፈታው ነገር አለ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 በሁለት ሰዎች ታሪክ ይጀምራል። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። አይሁድን ደስ እንዳሰኘ ባየ ጊዜ ጴጥሮስን ያዘ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጴጥሮስ አጥብቃ ጸለየች፤ መልአክ መጣ፣ ሰንሰለቱ ወደቀ፣ የብረቱ በር በራሱ ተከፈተ። ጴጥሮስ የሚጸለይበት ቤት ደርሶ ቢያንኳኳ ሮዴ የምትባል ገረድ ድምፁን ለይታ ከደስታ ብዛት ሳትከፍትለት ሮጣ ነገረቻቸው። አብደሻል አሏት። በጸሎታቸው መልስ ላይ በሩን ዘግተው ሲጸልዩ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፤ ታላቅ እምነት ነበራቸው ለማለት ይከብዳል። እግዚአብሔር ግን ባነሰ እምነታቸው ውስጥ ሠራ።

ያዕቆብስ? ለእሱ አልጸለዩም ነበር ማለት ይቻላል? ያቺው ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው ሰሞን፣ ከሦስቱ የጌታ የቅርብ ደቀ መዛሙርት አንዱ ሲያዝባት ዝም አለች ብዬ ማመን ያዳግተኛል። ሉቃስ ምክንያት አይሰጥም። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ሞተ። ከዚህ ታሪክ ማሰሪያ ልናበጅለት አይገባንም። በአንድ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ድኖ አንዱ የሚሞትባቸው ቤተሰቦች ይህን ያውቁታል፤ ሁለቱም ጸልየዋል።

አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ፤ እንደ ማብራሪያ ሳይሆን ከአእምሮዬ ስለማይጠፋ። ያዕቆብና ወንድሙ ዮሐንስ አንድ ቀን ጌታን በክብርህ አንዳችን በቀኝህ አንዳችን በግራህ እንቀመጥ ብለው ለምነውት ነበር። የምትለምኑትን አታውቁም አላቸው፤ እኔ የምጠጣውን ጽዋ ግን ትጠጣላችሁ አለ። ከአሥራ ሁለቱ ጽዋውን መጀመሪያ የጠጣው ያዕቆብ ነው። የለመነው ወንበር ነበር፤ ከወንበሩ ምኞት ሥር የነበረው ግን ከጌታው ጎን መሆን ነው። ይህን የሄሮድስ ሰይፍ አልነፈገውም።

በእኛው አገር ታሪክ ውስጥ የሞኒካን ሌሊት የምትመስል ጊዜ አለች። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው ድርጅት ሚሲዮናውያን ወላይታ ከገቡ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ጣሊያን አገሪቱን ወረረ። በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ የመጨረሻዎቹ ከሶዶ ተገደው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። በቋንቋቸው የነበራቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነው፤ አስተማሪ የለ፣ ገንዘብ የለ። ሚሲዮናውያኑ መቆየት ፈልገው ነበር፤ አልተፈቀደላቸውም። ከሩቅ ሆነው ሊያደርጉ የሚችሉት መጸለይ ነበር። በወላይታ የቀሩት መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉት በሕዝብ ፊት ተደበደቡ። ጣሊያን ተባሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው 10,000 የሚደርስ አማኝ ነው። ወንጌሉን ያዳረሱት ገበሬዎችና እስረኞች ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ መቆየት አለብን ብለው ያሰቡት ያቺ ቤተ ክርስቲያን እንዳትጠፋ ነው። መቆየቱ ተከለከለ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ አልጠፋችም፤ የራሷን መሪዎች ይዛ በሁለት እግሯ ቆመች።

ታዲያ እንዴት እንጸልይ? መልሱ በልመናው ሥር ላለው ነገር ከሆነ በስም ጠርቶ መለመን ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ሞኒካ በስም ጠርታ ለመነች፤ ሐናም ወንድ ልጅ ብላ ለመነች፤ ጌታችንም ይህችን ጽዋ አለ። እውነተኛ ጸሎት ደፍሮ ይለምናል። ፈቃድህ ይሁን የሚለው ቃል ሳይለምኑ ለመሸሽ የምንጠቀምበት ከሆነ አይጠቅመንም፤ ጌታ የተናገረው ከለመነ በኋላ ነው።

ልመናው ደግሞ ለማኙን ይሠራዋል። ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሱሳ ሆኖ የሰማው በካሴሉ ወር ነው። አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ አርጤክስስ ፊትህ ለምን አዘነ ብሎ የጠየቀው በኒሳን ነው፤ አራት ወር ገደማ አልፏል። ንጉሡ ምን ትፈልጋለህ ሲለው ነህምያ በልቡ ጸለየና መለሰ፤ መልሱም ዝግጁ ነበር። የሚቆይበትን ጊዜ ቆርጦ ነገረው፤ ለአገረ ገዥዎቹ ደብዳቤ፣ ለዱር ጠባቂው ለአሳፍም የእንጨት ትእዛዝ ጠየቀ። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አላሰበውም። በአራቱ ወር ጸሎት ውስጥ ሸክሙ ዕቅድ ሆነ፣ የሚለምነው ሰውም ራሱ መልሱ ሆኖ ተነሳ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ፤ ጠላት ሲያስፈራራቸውም ጸለዩ፣ ዘብም አቆሙ። ጌታም የመከሩን ጌታ ሠራተኞች እንዲልክ ለምኑ ብሎ ደቀ መዛሙርቱን ካዘዘ በኋላ፣ በማቴዎስ ወንጌል በሚቀጥለው ምዕራፍ የላካቸው ራሳቸውን ለማኞቹን ነው።

ሞኒካም አልቀረላትም። ልጇ እንዲለወጥ ስትለምን ኖረች፤ በመንገድ ላይ እሷም ተለወጠች። በአፍሪካ ልማድ ወደ ሰማዕታት መታሰቢያ ገንፎ፣ እንጀራና ወይን ይዛ ትሄድ ነበር፤ ዝክር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ አይጠፋውም። በሚላን አምብሮስ ይህን ከልክሎ ነበርና በረኛው መለሳት። ያቺ ልጇን አልለቅም ብላ የያዘች ብርቱ ሴት ያለ ክርክር ታዘዘች፤ የምትችለውን ለድሆች መስጠት ጀመረች። ቀደም ሲልም በአገሯ አንድን ጳጳስ ልጄን አነጋግርልኝ ብላ ስታስቸግረው፣ ተይው፣ ጸልዪለት ብቻ ብሏት፣ አልለቅ ስትለው የዚህን ያህል እንባ የፈሰሰለት ልጅ ሊጠፋ አይችልም ብሎ አሰናብቷት ነበር። ያ ጳጳስ ክርክር ገና ጊዜው እንዳልደረሰ አውቋል፤ እሱም በልጅነቱ በማኒ ሰዎች መካከል ያደገ ነውና።

ሞኒካ ልጇ በተጠመቀበት ዓመት፣ በ56ኛ ዓመቷ፣ ወደ አፍሪካ ሊሻገሩ ሲጠባበቁ በሮም ወደብ በኦስትያ ዐረፈች። ቀድሞ ከባሏ ጎን መቀበር ትመኝ ነበር፤ በመጨረሻ የትም ቅበሩኝ አለች።

አንባቢዬ፣ ይህን ምዕራፍ እስከዚህ ካነበቡ ምናልባት ለዓመታት በስሙ ጠርተው የሚለምኑለት ሰው ይኖርዎታል፤ የጠፋ ልጅ፣ የራቀ ወንድም፣ በዓረብ አገር ድምፅዋ የጠፋ እኅት። ልመናው ሰልችቶዎት አቋርጠው ከሆነ ዛሬ ማታ እንደገና ይጀምሩ። የሚፈልጉትን ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ከዚያ ያንን ለምን እንደሚፈልጉት ለእግዚአብሔር ይንገሩት። ነገ ጠዋትም የሚደውሉበት ስልክ፣ የሚጽፉት ደብዳቤ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት ሰው ካለ አያሳድሩት።